ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ ባስ ማጥመድ፦ ሣሩ ውስጥ ወይስ ጠርዙ ላይ?

ከሴንት ፖል፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ሚኒሶታ፣ ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ የምታጠምዱ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ። ከጁላይ ወዲህ ሐይቁ ሣር በሣር ሆኗል፤ ማባበያው በተወረወረ ቁጥር ሣር ተጠቅልሎበት ይመጣል። ጀልባ አለ፣ የጥልቀት ማሳያ ግን የለውም። ዘንጉ መካከለኛ ስፒኒንግ፣ ክሩ 8 ፓውንድ የሚችል ሞኖ (ተራ የናይለን ክር) ነው። የት ይወርወር? በምን? ለቤት የሚሆን ማስቀረትስ ይፈቀዳል?

ከኢደን ፕሬሪ፦
ወንድሜ፣ ማባበያ ከመቀየርህ በፊት ቦታ ቀይር። ባስ ሣር ይወዳል ስለተባለ ሁሉም መሃሉ ገብቶ ይወረውራል። ባሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሣሩ የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ቆሞ ትንንሾቹ ዓሦች ብቅ እስኪሉ ያደባል። አንተም ያንን ጠርዝ ነው የምትፈልገው።

ችግሩ ጠርዙ በየቦታው አንድ ጥልቀት ላይ አለመሆኑ ነው። ሚኒቶንካ 14,000 ኤከር ገደማ ይሸፍናል፤ በጠባብ መተላለፊያዎች የተያያዙ ብዙ ወሽመጦች ናቸው። በምዕራብ በኩል ሃልስቴድና ጄኒንግስ ውሃቸው ድፍርስ ስለሆነ ብርሃን ጠልቆ አይገባም፣ ሣሩም ጥልቅ ላይ አይበቅልም። በምሥራቅ እንደ ዌይዛታ ያሉት ጥርት ያሉ ናቸው። 2010 ላይ የተገኘው ዜብራ መስል የሚባለው ቀንድ አውጣ መሳይም ውሃ እያጣራ ስለሚመገብ ብርሃኑ ይበልጥ እንዲወርድ ያደርጋል። ስለዚህ አንዱ ወሽመጥ ላይ 7 ጫማ ላይ ያገኘኸውን ጠርዝ ሌላው ላይ 12 ጫማ ወይም ከዚያ በታች ፈልገው።

ያለ ማሳያ እንዲህ ይገኛል። ክሩ ጫፍ ላይ ግማሽ አውንስ ክብደት ብቻ እሰር፣ መንጠቆ አያስፈልግም። ጀልባውን ጥልቁ ላይ አቁመህ ወደ ዳር ወርውር፣ መሬት እስኪነካ ጠብቅ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ሳብ። ሣሩ ውስጥ እያለ ይከብድሃል፣ ይያዛል፣ ይለቃል፤ ድንገት ቀለል ብሎ መንሸራተት ሲጀምር ከሣሩ ወጥቷል። እዚያ ላይ ክብደቱን ቁልቁል ጥለህ ጥልቀቱን ለካ። ከዚያ በኋላ ያንን ጥልቀት ይዘህ ተከተል። ጠርዙ ቀጥ ብሎ በሚሄድበት ጊዜ አትፍጅ፤ ወደ ጥልቁ ሾልኮ የወጣበትን አፍንጫና ወደ ውስጥ የታጠፈበትን ጎድጓዳ ፈልግ። ዓሣው የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

የሣሩንም ዓይነት እይ። ላባ የሚመስለው ሚልፎይል ነው፣ እዚህ ሐይቅ ላይ የታየው 1987 ላይ ነው። እንደ ጣና እንቦጭ ተንሳፋፊ አይደለም፤ ሥሩ ታች ነው፣ ጫፉ ግን ላይ ደርሶ እንደ ምንጣፍ ይተኛል። ሰፊ ቅጠል ያለውን እዚህ አገር አጥማጆች ካቤጅ ይሉታል። ካቤጅ ተሰባሪ ስለሆነ ማባበያው ሲያዝ ነጠቅ ብታደርገው ይለቃል፤ ሚልፎይል ግን ይጠመጠማል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ካገኘህ ቶሎ አትሂድ።

ከሴንት ፖል፦
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ 8 ፓውንዱ ክር ይበቃል?

ከብሩክሊን ፓርክ፦
ለጠርዙ ያዘግማል፣ ለሣሩ ውስጥ ግን አይሞከርም። ባሱ ሲያዝ መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ግንዶቹ ገብቶ መጠምጠም ነው፤ ሞኖ ደግሞ ይለጠጣል፣ ሣር አይቆርጥም። ባለህ ስፒኒንግ ላይ 15 ፓውንድ ብሬድ (የተጎነጎነ፣ የማይለጠጥ ክር) ጠቅልልና ጫፉ ላይ 3 ጫማ ያህል 10 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ክር) ቀጥልበት። ብሬድ ባዶ ስፑል (ክሩ የሚጠቀለልበት) ላይ ስለሚንሸራተት ከሥሩ ጥቂት ዙር ሞኖ አስቀድም፤ አለበለዚያ ዓሣ ሲጎትት ክሩ በሙሉ በስፑሉ ላይ ይዞራል።

ለጠርዝ የምመርጠው ቴክሳስ ሪግ የሚባለውን አሠራር ነው፤ የመንጠቆው ጫፍ ትሉ ውስጥ ስለሚደበቅ ሣር አይይዝም። ጥይት መሳይ ክብደት፣ 3/16 አውንስ፤ ነፋስ ካለ 1/4። ሹል ጫፉ ወደ ዘንጉ ይዙር። 3/0 መንጠቆ፣ አንገቱ የታጠፈውን። 7 ኢንች የፕላስቲክ ትል፣ ለጥርት ውሃ አረንጓዴ ቡኒ፣ ለድፍርስ ጥቁር ወይም ጥቁርና ሰማያዊ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ትሉን ሲሰካ ነው። የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ አናት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አስገባና በጎን አውጣው። የመንጠቆው ቀለበት አናቱ ጋ እስኪደርስ ሳብ፣ አዙር። አሁን ትሉን ከመንጠቆው ጎን አንጠልጥለህ እጥፋቱ የት እንደሚደርስ እይ፣ እዚያው ላይ ወጋና አሳልፍ፣ ከዚያ ጫፉን ቆዳው ሥር ብቻ ደብቅ። ትሉ ቀጥ ብሎ መዋል አለበት። ከተጨማደደ ሲሳብ ይሽከረከራል፣ ክር ያጣምራል፣ ሣር ይሰበስባል። ጫፉ ከወጣ ሣር ይይዛል፤ በጣም ከተቀበረ ደግሞ ዓሣው ነክሶ ይተፋዋል።

ጠርዙን ሁለት ጫማ ያህል አሳልፈህ ሣሩ ላይ ወርውር፣ ቀስ ብለህ ጎትተህ ከጠርዙ ላይ ጣለው፣ ክሩን ላላ አድርገህ ተወው። አብዛኛው ንክሻ ሲወርድ ነው የሚመጣው፤ በእጅ ላይሰማ ይችላል። ዓይንህ ክሩ ላይ ይሁን፦ ከዘለለ፣ ወደ ጎን ከሄደ፣ ወይም መሬት ሳይደርስ ከቆመ ዓሣ ነው። የላላውን ጠቅልልና ዘንጉን ወደ ላይ ምታ። ሣር ውስጥ ከገባብህ በጉልበት አትታገል፤ ክሩን እንዳይላላ ይዘህ ጀልባውን ወደ እሱ አስጠጋ፣ ሣሩን በእጅህ ገልጠህ አውጣው።

ምንጣፉ ላይ ለማጥመድ ሌላ ዕቃ ነው የሚያስፈልገው፤ ጠንካራ ቤይትካስቲንግ ዘንግና 50 ወይም 65 ፓውንድ ብሬድ። ውስጡ ክፍት የሆነውን የጎማ እንቁራሪት ምንጣፉ ላይ እያዘለልክ ትመልሳለህ። ውሃው ሲፈነዳ ወዲያው መምታት ነው ትልቁ ስህተት፤ እንቁራሪቱ ከዓይንህ ጠፍቶ ክብደቱ ሲሰማህ ምታ። ውሃ ከገባበትም ጨምቀህ አፍስስ፣ ካልሆነ ይሰምጣል።

ከኢደን ፕሬሪ፦
ስለ አየሩ አንድ ልጨምር። ዝናብ ሊመጣ ደመና ሲከብድ ባሱ ከጠርዙ ራቅ ብሎ ያድናል፣ ሣሩ አናት ላይ ስፒነርቤይት (የሚሽከረከር ብረት ያለው ማባበያ) በፍጥነት ማሳለፍ ይሠራል። ቀዝቃዛ አየር አልፎ ሰማዩ ጥርት ሲል ግን ሣሩ ውስጥ ይቀበራል፤ ያን ቀን ቀላል ክብደት፣ ትንሽ ትል፣ ትዕግሥት። ደግሞ ሣሩ በጣም ከጠቀጠቀ ንጋት ላይ አትድከም፤ ሌሊት ሣሩ ኦክስጅን ስለሚበላ ውስጡ ይታፈናል።

ከበርንስቪል፦
ስለ ማስቀረቱ የጠየቅከው አልተመለሰም። ከ16 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሐይቁ በረዶ ባልሆነበት ወቅት አንድ ሰው አንድ ክር ብቻ ነው፤ ሁለት ዘንግ መወርወር ያስቀጣል። ማስቀረት የሚፈቀደው ባስ፣ ሁለቱ ዓይነት ማለትም ላርጅማውዝና ስሞልማውዝ ተደምሮ 6 ነው፣ ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ግን ስሞልማውዝ ይለቀቃል። የላርጅማውዝ መንጋጋ ከዓይኑ ያልፋል፣ የስሞልማውዝ አያልፍም።

ከሐይቁ ስትወጡ የጀልባውን የውሃ መውጫ ክዳን ንቀሉ፣ ተነቅሎም ይጓዝ፤ ከትሬይለሩም ከሞተሩም ሣሩን ልቀሙ። ሚልፎይል ከተቆረጠ ቁራጭ ስለሚበቅል አንድ ዘለላ ሌላ ሐይቅ ሊያበላሽ ይችላል። የተረፈ ማጥመጃ ዓሣና ትልም ወደ ውሃ አይጣልም፣ ቆሻሻ ውስጥ ነው።

ለመብላት ከ12 እስከ 14 ኢንቹን አስቀሩ፣ ትልቁን ልቀቁ። ባስ ሌሎች ዓሦችን ስለሚበላ ሜርኩሪ በዕድሜው ይከማችበታል፤ ቆዳ መግፈፍ አያወጣውም፣ ሥጋው ውስጥ ነው ያለው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ የሚኒሶታ ጤና መሥሪያ ቤት በየሐይቁ ያወጣውን መጠን ተከተሉ። ለለብለብ ከሆነ ግን እውነቱን ልናገር፣ ብሉጊልና ክራፒ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ይበልጣሉ።

ከሴንት ፖል፦
ተባረኩ። ሴፕቴምበር ላይስ ይኸው ነው?

ከብሩክሊን ፓርክ፦
ውሃው ሲቀዘቅዝ ጥልቀት የሌለው ሣር ቀድሞ ይሞታል። ቡኒ ሆኖ መንጠቆ ላይ እንደ ዝቃጭ ከተለጠፈ እዚያ አትቆይ፤ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ያዝ አድርገህ ስታወጣው አረንጓዴና ጠንካራ የሆነውን ፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ ጥልቁ ጠርዝ ላይ ነው የሚቀረው፤ እዚያ ግማሽ አውንስ ጅግ (አናቱ ላይ ክብደት ያለው መንጠቆ) ጣል።