የዴሊቨሪ ቫን ሾፌርም ሰዓቱ ይመዝገብ? እንከራከርበት

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ነገሩን ላስቀምጥና ሐሳባችሁን ስጡ። በአሜሪካ የፌደራል ሕግ ከስቴት ስቴት ዕቃ የሚያመላልስ፣ 10,001 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ መኪና የሚነዳ ሾፌር የሰዓት ገደብ አለበት። 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢበዛ ለ11 ሰዓት ይነዳል። ያንንም ሥራ ከጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ብዙዎቻችን ፓኬጅ የምናደርስበት ቫን ግን ከዚያ ክብደት በታች ነው። ስለዚህ ገደቡም ምዝገባውም አይነካንም። እኔ ይንካን እላለሁ። ቀን ለኩባንያ ሠርቶ ማታ ሌላ አፕ የሚከፍት ልጅ አውቃለሁ። በቃህ የሚለው የለም።

ከዳላስ፦ አልስማማም ወንድሜ። እኔ ትራክ ነድቻለሁ። ኢኤልዲ የሚባለው የሾፌሩን ሰዓት የሚመዘግብ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በ2017 ዲሴምበር ግዴታ ሲሆን መንገድ ላይ ነበርኩ። መሣሪያው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ራሱ ይመዘግባል። ችግሩ 14 ሰዓቱ አለመቆሙ ነው። መጋዘን በር ላይ ቢያስጠብቁህ የሚበላው ያንተን ሰዓት ነው። ከዚያ ለመድረስ ትፈጥናለህ። ኩባንያም በዚህ መሣሪያ ሾፌርን ሊያስጨንቅ ይችላል። በ2011 ሾፌሮች ከሰው ፍርድ ቤት ስለ እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ወጥቶ የነበረውን የቀድሞ ደንብ የሻረው ይህ ስጋት በቂ መልስ ስላላገኘ ነው። ደግሞ የቫን ሾፌር ቀኑን ሙሉ ሲቆም ሲነሳ ነው የሚውለው። የሚያደክመው ደረጃውና ሸክሙ ነው። የ11 ሰዓት መንዳት ገደብ ላይ የሚደርሰው ስንቱ ነው?

ከሚኒያፖሊስ፦ ጋሼ፣ የመጨረሻው ነገርዎ ትክክል ነው። ለዚህ ነው መመዝገብ ያለበት የሥራው ሰዓት የሆነው፤ ቫኑ መጫን ከጀመረበት የመጨረሻው ፓኬጅ እስኪወርድ። ለእኔ ግን ዋናው የደመወዝ ጉዳይ ነው። በፌደራል ሕግ ከስቴት ስቴት የሚነዳ የትራክ ሾፌር በአብዛኛው ኦቨርታይም የለውም። 10,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች የሆነ መኪና የሚነዳ ተቀጣሪ ግን በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራበት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ይህ በ2008 በሕግ ተቀምጧል። ታዲያ ስንት ሰዓት እንደሠራን የሚያሳይ ወረቀት በእጃችን ከሌለ በምን እንጠይቃለን? ምዝገባው ይምጣ። ኦቨርታይማችንን ግን እንዳይነካ።

ከፍራንክፈርት፦ እዚህ ነገሩ ተጀምሯል። በአውሮፓ ኅብረት ከአገር አገር ዕቃ የሚያደርሱ ከ2.5 ቶን በላይ የሆኑ ቫኖች ታኮግራፍ፣ ማለትም የመንዳትና የእረፍት ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ፣ እንዲኖራቸው ተወስኗል፤ ቀኑ 2026 ጁላይ 1 ነው። ገደቡ በቀን 9 ሰዓት መንዳት ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን 10 ይፈቀዳል። 4 ሰዓት ተኩል ከነዳህ 45 ደቂቃ ታርፋለህ። በከተማ ውስጥ ብቻ የሚያደርሰውን ግን ይህ አይመለከተውም።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ዳላስ፣ መሣሪያው ካስፈራህ መንገድ አለ። ትላልቆቹ መኪኖች እንኳ ከመነሻቸው 172 ማይል ገደማ ሳይርቁ ሠርተው በ14 ሰዓት ውስጥ ተመልሰው ከሥራ ከወጡ ኢኤልዲ አይጠየቁም። ኩባንያው የገቡበትን፣ የወጡበትንና ጠቅላላ ሰዓታቸውን ጽፎ ለ6 ወር ያስቀምጣል። የእኛ ሩት ከዚህ ርቀት ይወጣል እንዴ?

ከዳላስ፦ እሱስ አይወጣም። ለተቀጣሪ ይህን እቀበላለሁ፣ ኮፒው በየቀኑ ለሾፌሩ ከተሰጠ። ኮንትራክተሩንስ? ሁለት አፕ የሚሠራውን ሰው ሰዓት ማን ይደምራል? ትራክ ላይ ሌላ ቦታ ተከፍሎህ የሠራኸውም ይቆጠራል። በቫን ያ ቢመጣ የቤት ኪራዩን ከፍሎ አገር ቤት ለእናቱ የሚልከው ልጅ ገቢው ይቀንሳል። መጀመሪያ የአንድ ፓኬጅ ክፍያ ይስተካከል።

ከሚኒያፖሊስ፦ ክፍያው ይስተካከል፣ አብሬዎት እጮሃለሁ። ግን እስከዚያ ያ ልጅ ሌሊት እያንቀላፋ ይንዳ ማለት አልችልም። እኔ የምለው ሁለቱም ባንድ ላይ ይጠየቅ ነው። የአፕ ኩባንያዎቹ ሰዓቱን በስልኩ ያውቁታል፤ ለራሱም ያሳዩት።