«ሕዝባችን ፋይል ማሳነስ አያውቅም» ተባለ፤ ማስረጃችን ያልገባው በማን ጥፋት ነው?

ጦሳ ሥር፦
በከተማችን በደሴ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ያወጣውን ማስታወቂያ አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል ብዬ አስባለሁ። ለሥራ ቅጥር በድረ ገጹ ያመለከቱ ሰዎች «ማስረጃችሁ አልተያያዘም» ተብለው ከውድድሩ ሲወጡ ቅሬታ አቀረቡ፤ የተሰጣቸው መልስ «አመልካቾች ከመጠን ያለፈ ፋይል ስለሚልኩና ኔትወርክም ስለሚቆራረጥ የተፈጠረ በመሆኑ መሥሪያ ቤቱን አይመለከትም» የሚል ነበር።

ፎርሙን ራሴ ፈትሼዋለሁ። 1.9 ሜጋባይት የሆነ ፒዲኤፍ ያለ ችግር ይገባል፤ 2.1 ሜጋባይት የሆነው አይገባም። ከፒያሳም ተላከ ከቧንቧ ውሃ፣ በቀንም ተላከ በሌሊት፣ ውጤቱ አይለወጥም። የሚቆራረጥ ኔትወርክ ፋይል እየመዘነ አይቆራረጥም። 2 ሜጋባይት ማለት ፒኤችፒ (ድረ ገጹ የተሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) ሲጫን አብሮት የሚመጣ፣ ሰው እስኪቀይረው ድረስ ባለበት የሚቆይ ጣሪያ ነው። ስለዚህ «ከመጠን ያለፈ» የሚሉትን መጠን እነሱ አስበው አላወጡትም፤ መኖሩንም የሚያውቁት አይመስለኝም። ይህም ይሁን ብንል፣ ፋይሉ የወደቀበት ሰው ምንም አይነገረውም፤ እንዲያውም ገጹ በአረንጓዴ ጽሑፍ «ማመልከቻዎ ተመዝግቧል» ይለዋል። እኔን ያናደደኝ ይሄ አረንጓዴ ጽሑፍ ነው።

ቦርከና፦
ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ ፍርድህ ግን ቸኩሏል። ይህ ፎርም ከመምጣቱ በፊት ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር ፎቶ ኮፒ ተሸክሞ ደሴ ድረስ መጥቶ መሰለፍ ግዴታ ነበር። ያንን ያስቀሩት ጥቂት ልጆች ያለ በቂ በጀት የሠሩትን ሥራ በአንድ ስህተት ማጣጣል ተገቢ አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ሕዝባችን ፋይል ማሳነስ አያውቅም። ለአንድ ገጽ ዲግሪ 2 ሜጋባይት ከበቂ በላይ ነው። ጣሪያውን ብናነሣው ሰው በስልኩ ያነሣውን ፎቶ ሁሉ እንዳለ ሲልክ የሰርቨሩ ዲስክ በሳምንት ይሞላል፤ ያኔ ደግሞ «ሰርቨሩ ወደቀ» ተብሎ ሌላ ውርጅብኝ ይከተላል።

ሰኞ ገበያ፦
«ሕዝባችን ፋይል ማሳነስ አያውቅም» ብለዋል የተከበሩ ቦርከና። እጅግ እናመሰግናለን። ሕዝባችን ጣሪያው ስንት እንደሆነ ሳይነገረው እስከ ስንት ማሳነስ እንደነበረበት ቢገልጹልን ደግሞ ምስጋናችን ይጨምር ነበር። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው እንኳ ስንት ኪሎ ሻንጣ እንደሚፈቀድለት አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ካለፈም ሚዛኑ ላይ ይነገረዋል እንጂ ሻንጣው ተጥሎ «መልካም ጉዞ» አይባልም።

ስካን ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የስካን አገልግሎት የምሰጥ ነኝ፤ ከእነዚህ አመልካቾች ብዙዎቹ ያለፉት በእኔ እጅ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወንድም ቦርከና፣ ፋይል ማሳነስ አናውቅም ላሉት፣ ማሳነስ የዕለት ሥራችን ነው። በ150 ዲፒአይ (የስካኑ የጥራት ልክ ነው)፣ በጥቁርና ነጭ አድርጌ ብሰጥ ፋይሉ ትንሽ ነው። ነገር ግን የዚያው መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ «ማኅተሙ በግልጽ የሚታይ ባለ ቀለም ቅጂ በአንድ ፋይል ተጠርዞ» ይላል። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድና የኮስት ሼሪንግ ደብዳቤ በ300 ዲፒአይ በከለር ሲነሡና በአንድ ፒዲኤፍ ሲጠረዙ ብዙውን ጊዜ ከ2 ሜጋባይት ያልፋሉ። ባለ ቀለም ይሁን ያሉት እነሱ፣ አንድ ፋይል ይሁን ያሉት እነሱ፤ ተወቃሹ ግን አመልካቹ ሆኖ አረፈው።

ሰኞ ገበያ፦
እቴ፣ ኑሪልን! የተከበሩ ቦርከና፣ «ለአንድ ገጽ ዲግሪ» ያሉት የትኛውን አንድ ገጽ ነው?

ሐረጎ፦
ሰርቨር ማስተዳደር የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ነገሩን በቅደም ተከተሉ ማየት እፈልጋለሁ፤ ሁለታችሁም የተውታችሁት ነገር አለ። ጣሪያው አንድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፋይል «አፕሎድ ማክስ ፋይልሳይዝ» የሚባለው 2 ሜጋባይት አለ፤ ለጠቅላላው መልእክት ደግሞ «ፖስት ማክስ ሳይዝ» የሚባለው፣ ካልተነካ 8 ሜጋባይት የሆነው አለ። የሁለቱ ምልክት ለየቅል ነው። ፋይሉ የመጀመሪያውን ሲያልፍ ስምና ስልክ ቁጥሩ ይደርሳል፤ ፋይሉ ብቻ የስህተት ኮድ 1 ይዞ ይመጣል። ጠቅላላው መልእክት ሁለተኛውን ሲያልፍ ግን ስሙም ስልኩም ፋይሉም ለስክሪፕቱ (ፎርሙን ለሚቀበለው ፕሮግራም) ባዶ ሆነው ይቀርባሉ፤ ስክሪፕቱም ሰውየው ገና አሁን የገባ መስሎት ባዶውን ፎርም መልሶ ይሰጠዋል። ከአመልካቾቹ ግማሾቹ «ተመዝግቧል አለኝ»፣ ግማሾቹ «ሞልቼ ስጨርስ ሁሉንም አጠፋብኝ» ሲሉ የሰማችሁት ለዚህ ነው። የሚዋሽ የለም፤ የተመቱት በተለያየ ጣሪያ ነው።

ከፒኤችፒው ፊት ኤንጂንኤክስ የሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ቢኖርና ባይነካ ኖሮ የእሱ ጣሪያ 1 ሜጋባይት ስለሆነ፣ የጦሳ ሥር 1.9 ሜጋባይት ፋይል ስክሪፕቱ ዘንድ ሳይደርስ 413 (ከመጠን በላይ ነው) የሚል ገጽ ይመልስ ነበር። ስለዚህ ወይ አፓቼ የሚባለው ሌላው የድረ ገጽ ሰርቨር ነው፣ ወይም አንድ ሰው የኤንጂንኤክሱን ጣሪያ አስተካክሎ የፒኤችፒውን ረስቶታል። ኔትወርክ የተባለውም ቢሆን ማስረጃ አይጠፋለትም፤ ፋይሉ በከፊል ብቻ ሲደርስ ፒኤችፒ ኮድ 3 ይሰጣል። ምንም ፋይል ካልተመረጠ 4፣ ጊዜያዊ ማስቀመጫው ከጠፋ 6፣ ዲስኩ ላይ መጻፍ ካልቻለ 7 ነው። ፒኤችፒ ምክንያቱን ለይቶ ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ «ኔትወርክ ነው» ከማለቱ በፊት እነዚህን ቁጥሮች የሚመዘግብ አንድ መስመር ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ክርክር አያስፈልገንም ነበር።

ቦርከና፦
ወንድም ሐረጎ በዕውቀት ስለተናገረ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ጣሪያ መኖሩ ራሱ ጥፋት እንደሆነ ተደርጎ መቅረቡን አልቀበልም። ገደብ የሌለው ሰርቨር ለማንም ተንኮለኛ የተከፈተ ነው።

ሐረጎ፦
ገደብ አይኑር ያለ ሰው እስካሁን አላነበብኩም። ክርክሩ ገደቡ ታስቦበት ይውጣ፣ ፎርሙ ላይ ይጻፍ፣ ያለፈውም ሰው ማለፉ ይነገረው ነው።

ሰኞ ገበያ፦
ይህን ያህል ክርክር ለምን አስፈለገ? በስክሪፕቱ አናት ላይ «ኢኒ ሴት» (ቅንብር የሚቀይር ትእዛዝ) ብሎ 10 ሜጋባይት ማድረግ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ያችን መስመር መጻፍ ያቃተው ሰው ደመወዝ ይበላል ማለት ነው።

ቦርከና፦
ይኸው! ፈራጆቻችን እነዚህ ናቸው። ወንድሜ፣ ያ መስመር ለዚህ ጉዳይ አይሠራም። ስክሪፕቱ መሮጥ ሲጀምር ፒኤችፒ ፋይሉን ተቀብሎ ጨርሷል፤ ከተቀበሉ በኋላ የመቀበያውን ልክ መቀየር ምን ይረባል? በሌላው ላይ «ደመወዝ ይበላል» ከማለት በፊት መሞከር ጥሩ ነው።

ሐረጎ፦
በዚህ ቦርከና ትክክል ነው። መቀየር ያለበት ዋናው የፒኤችፒ ኢኒ፣ ማለትም የቅንብር ፋይሉ፣ ነው፤ ከዚያም አገልግሎቱ እንደገና መነሣት አለበት። ብዙ ሰው በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የሚሠራውን ፒኤችፒ ኢኒ ያስተካክልና ድረ ገጹን የሚያገለግለው ሌላ ኢኒ እንደሚያነብ አያስተውልም። የተከራዩት ሆስቲንግ (የሌላ ድርጅት ሰርቨር) ከሆነና ፒኤችፒ በኤፍፒኤም (ፒኤችፒን ከድረ ገጽ ሰርቨሩ ለይቶ በሚያስኬደው አገልግሎት) የሚሠራ ከሆነ «ዶት ዩዘር ኢኒ» የሚባል ፋይል አቃፊው ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ እሱም የሚነበብበት የጊዜ ልክ ካልተቀየረ በቀር በየ300 ሰከንዱ ነው የሚነበበው። ለውጡን አድርገው ወዲያው ሞክረው «አልሠራም» ብለው የሚያጠፉት ብዙዎች ናቸው። «ኤችቲአክሰስ» በሚባለው የአፓቼ ቅንብር ፋይል ውስጥ «ፒኤችፒ ቫልዩ» ብለው ከጻፉ ግን በኤፍፒኤም ገጹ በሙሉ 500 (የሰርቨር ስህተት) ይላል።

ሰኞ ገበያ፦
መስመሯ አልሠራች ይሆናል። አረንጓዴው ጽሑፍ ግን እየሠራ ነው፤ ስለ እሱ የተከበሩ ቦርከና እስካሁን ትንፍሽ አላሉም።

ቦርከና፦
ስለ አረንጓዴው ጽሑፍ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ያስተካክሉታል። እናንተ የማታውቁት ምን ያህል ችግር አልፈው እዚህ እንደደረሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ማስቀመጫው አቃፊ አንድም ፋይል አልቀበልም ብሎ ቀናት ፈጅቶባቸው ነበር፤ በመጨረሻ ፐርሚሽኑ 777 ሲደረግለት ነው የተቀበለው። ዋናው መሥራቱ ነው።

ጦሳ ሥር፦
«ልጆቹ» የምትላቸው እንግዲህ ወዳጆችህ ናቸው ማለት ነው። ከመጀመሪያው ብትነግረን ኖሮ ክርክሩን በዚያው ልክ እንሰማው ነበር።

ቦርከና፦
ብተዋወቅስ? መተዋወቅ ወንጀል ነው? በዚህ ከተማ የማይተዋወቅ ማን አለ?

ሐረጎ፦
መተዋወቁን ተዉት፤ 777 የተባለው ነው ያስደነገጠኝ። ለአቃፊው የመጻፍ ፈቃድ የሚያስፈልገው ድረ ገጹ የሚሠራበት ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ ኡቡንቱ በሚባለው ስርዓተ ክወና ብዙውን ጊዜ «ደብሊው ደብሊው ደብሊው ዳታ» የሚባለው። ባለቤትነቱን ለእሱ መስጠት የአንድ ትእዛዝ ሥራ ሆኖ ሳለ 777 ማለት በዚያ ማሽን ላይ ላለ ተጠቃሚ ሁሉ መጻፍን መፍቀድ ነው። አቃፊው ደግሞ ከድረ ገጹ ሥር ከሆነና ስክሪፕቱ የፋይሉን ዓይነት የሚያምነው አሳሹ (የላኪው ብራውዘር) እንደነገረው ከሆነ፣ አንድ ሰው «ዲግሪዬ ነው» ብሎ የፒኤችፒ ስክሪፕት ሰድዶ በአድራሻው ሊያስኬደው ይችላል። የአመልካቾች መታወቂያ ያለበት ቦታ ነው እኮ! ዓይነቱ የሚጣራው በሰርቨሩ ላይ የፋይሉን ይዘት በማየት ነው፤ ማስቀመጫው ከድረ ገጹ ውጭ ይሆናል፤ ስሙም በአዲስ ስም ይተካል።

ቦርከና፦
ስሙን መተካት የማይቻልበት ምክንያት አለ። የምታጣራው ሠራተኛ ፋይሉን የምታገኘው አመልካቹ በላከው ስም ነው፤ ዝርዝሩ ላይ የሚታያትም እሱ ነው። ስሙ ከተቀየረ የእሷ ሥራ ይቆማል። ከቢሮ ውጭ ሆኖ ምክር መስጠት ቀላል ነው።

ስካን ቤት፦
ወንድም ቦርከና፣ ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ፋይሉ የሚቀመጠው ሰው በላከው ስም ነው ካሉ፣ የእኔ ስካነር በየጠዋቱ ከ«ስካን 0001» ብሎ ነው የሚጀምረው። ስም ቀይሩልኝ የሚል ደንበኛ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በፍላሽ ወይም በቴሌግራም እንዳለ ተቀብሎ ይሄዳል። ጎረቤቶቼም ያው ዓይነት ማሽን ነው ያላቸው። በአንድ ሳምንት ስንት «ስካን 0001» ከደሴ ብቻ እንደሚላክ ይገምቱ። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ምን ይሆናል?

ሐረጎ፦
ይጠፋል። «ሙቭ አፕሎድድ ፋይል» የሚባለው ትእዛዝ በዚያው ስም ፋይል ካገኘ ሳይጠይቅ ይተካዋል። ስህተትም አይመዘግብም፤ በእሱ ዘንድ ሥራው ተሳክቷል።

ጦሳ ሥር፦
ይህ ከሆነማ ነገሩ ከ2 ሜጋባይቱ የከፋ ነው። እስካሁን የምንከራከረው ማስረጃቸው ስላልገባ ሰዎች ነበር። ማስረጃቸው የገባ፣ ፋይላቸው ትንሽ የሆነ፣ ቦርከና እንደሚፈልገው አሳንሰው የላኩ ሰዎችም በስማቸው ሥር የሌላ ሰው ዲግሪ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አጣሪዋ ስታየው «የሌላ ሰው ማስረጃ አቅርቧል» ብላ በማጭበርበር ብትጥለውስ? መሥሪያ ቤቱ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ ያለውን ዝርዝር ከአቃፊው ጋር ያመሳክር፤ ሁለት አመልካች አንድ የፋይል ስም ካላቸው ሁለቱንም ጠርቶ እንደገና ይቀበል። ይህ እስኪሆን ድረስ ማጣራቱ ሊቆም ይገባል።

ቦርከና፦
«ሊሆን ይችላል» እና «ብትጥለውስ» ብለህ የአንድን መሥሪያ ቤት የቅጥር ሂደት አታስቆምም። ልጆቹ ከፊቱ የአመልካቹን ቁጥር ጨምረውበት ሊሆን ይችላል፤ እጠይቃቸዋለሁ።

ሰኞ ገበያ፦
አሁን ደግሞ «ሊሆን ይችላል» የተከበሩ ቦርከና ሆኑ። ስሙ አይቀየርም ያሉን ከላይ እርስዎ ነዎት፤ ምክንያቱንም ጭምር ነግረውናል። ቁጥር ከተጨመረበት እኮ ተቀይሯል።

ቦርከና፦
ቁጥር መጨመርና ስም መቀየር አንድ አይደለም።

ሰኞ ገበያ፦
ለማን?

ስካን ቤት፦
እኔ ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛው ጠየቀም አልጠየቀ እያንዳንዱን ፋይል በባለቤቱ ስምና በስልክ ቁጥሩ እሰይማለሁ፤ በሁለት ቅጂም እሰጣለሁ፣ አንዱ በከለር፣ አንዱ ከ2 ሜጋባይት በታች። ዋጋ አልጨምርም። ያለፈውን ሳምንት የላኩት ግን ምን እንደሚደረግላቸው የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል፤ እኔን ነው እየመጡ የሚጠይቁት።

ቦርከና፦
ይኸው እኮ ነው ከመጀመሪያው ያልኩት፤ ላኪው በአግባቡ ሲያዘጋጀው ፎርሙ ይሠራል።

ጦሳ ሥር፦
በፒያሳ ያለች ስካን ቤት የሰርቨሩን ሥራ ስለሠራችለት ነዋ! ቦርከና፣ ልጆቹን ስትጠይቃቸው መልሳቸውን እዚሁ ጻፍልን፤ አረንጓዴውንም ጽሑፍ ጨምረህ ጠይቃቸው።