የባቡር ቤተሰቦች ሰነዶች፦ በጋራ ፕሮፖዛሉ መጀመሪያ ምን እንጠይቅ?

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ድሬዳዋ

ውድ አባላት፣ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰቦችን ሰነዶች ለማዳን ከአንድ ሙዚየም ጋር ሆነን የምናቀርበውን የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ረቂቅ የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ ድክመቱንም ቀድሜ ልናገር። ሕንፃ፣ ስካነር፣ ዐውደ ርእይ፣ ድረ ገጽ፣ ሥልጠና፣ ሁሉንም በአንድ ማመልከቻ ጠይቀናል። እንዲህ የተዘረጋ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው የሚፈልጉትን አላወቁም ብሎ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል።

በእጃችን ያለውን ላስታውስ። ከጡረተኛ ቤተሰቦች የተሰበሰቡ የደመወዝ ደብተሮች፣ በፈረንሳይኛ የተጻፉ የቅጥር ደብዳቤዎች፣ የጣቢያ ሹሞች የተለዋወጧቸው ቴሌግራሞች፣ ሰማያዊ የድልድይ ንድፎች፣ ፎቶግራፎች፣ ሁለት የእጅ ፋኖሶችና አንድ የባቡር ነጂ ኮፍያ። ሁሉም ከዚራ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር በአንዲት አባላችን ሳሎን ጥግ በካርቶን ተደርድረዋል። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር። የከተማችን የልደት ወረቀት እነዚያ ካርቶኖች ውስጥ ነው ያለው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

አብሮን የሚያመለክተው ሙዚየም የአንድ ገጽ ማጠቃለያ እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈልጋል። መጀመሪያ የምንጠይቀው ምን ይሁን?

አባል፣ ከቶሮንቶ

እኔ ጊዜ የለንም ከሚሉት ወገን ነኝ። አባቴ ከአዋሽ እስከ ድሬዳዋ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ሲያርፍ ፋኖሱን ለቁራሌው ሸጥነው፤ ደብተሮቹን ለጎረቤት ባለሱቅ ሰጠን። በርበሬ ተጠቀለለባቸው። ይህን ያደረግነው እኛው ልጆቹ ነን፤ ዛሬም ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል።

ስለዚህ ሁለት ጥሩ ስካነሮች ይገዙ፣ አራት ወጣቶች ይቀጠሩ፣ ሥራው በስድስት ወር ይጠናቀቅ። በለንደን የብሪቲሽ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አደጋ ላይ ላሉ መዛግብት ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም አለው። ለእሱ እናመልክት።

አባል፣ ጡረታ የወጣሁ የመዛግብት ባለሙያ

ልጄ፣ በአባትህ ደብተሮች የደረሰው እኔንም ያመኛል። ከዚህ ሙያ ጋር የኖርሁት እንዲህ ያለውን እያየሁ ነው። ነገር ግን በስካነር መጀመር ስሕተት ይመስለኛል።

በመጀመሪያ፣ የለንደኑ ፕሮግራም ትኩረቱ ከዘመናዊነት በፊት የነበሩ ሰነዶች ላይ ነው። የእኛ ወረቀቶች ደግሞ የሚናገሩት ስለ ዘመናዊነት መግቢያ ነው፤ አብዛኞቹም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። የለንደኑንም ፕሮግራም በሚደግፈው አርካዲያ በሚባል ገንዘብ ሰጪ የሚደገፍ ሌላ ፕሮግራም በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ተጀምሯል፤ የ20ኛውንና የ21ኛውን ክፍለ ዘመን ሰነዶች ይመለከታል። ባወጣቸው ጥሪዎች ለዝግጅት እስከ 15,000 ዶላር፣ ለሙሉ ሥራ እስከ 50,000 ዶላር ይሰጥ ነበር። የእኛ ቦታ ዝግጅቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅጂ ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም ማንሣት ሲጀመር በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተቀዱ፤ ቅጂዎቹም አዲስ አበባና አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀመጡ። ዛሬ አንድ ተመራማሪ የሚፈልገውን ገጽ ማግኘት የቻለው ግን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ዓመታት ፈጅተው እያነበቡ ቁጥር፣ ርእስና ዘመን ስለሰጧቸው ነው። ዝርዝር የሌለው አሥር ሺህ ምስል እንደገና ካርቶን ነው።

ሦስተኛ፣ ያልተዘጋጀ ወረቀት ማሽን ላይ ሲወጣ ይጎዳል። ዝገት የበላቸው ስፒሎች በእጅ ቀስ ተብለው መውጣት አለባቸው። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። ቁጥር የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ነው። የተቀደደውን በፕላስተር የሚያያይዝ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት፤ ላሚኔት ማድረግም (በፕላስቲክ መለበጥ) አይታሰብ። ሰማያዊዎቹን ንድፎች ለብቻቸው አስቀምጡ፤ ለሌሎች ሰነዶች ተመራጭ የሆነው አልካላይን (አሲድን የሚያረክስ ንጥረ ነገር) ያለበት መጠቅለያ የእነሱን ቀለም ያደበዝዛል። የተጠረዙት መዝገቦች በመስታወት ላይ ተደፍተው ከተጫኑ ጀርባቸው ይሰበራል፤ እነሱን የሚያነሣቸው ከላይ የተሰቀለ ካሜራ ነው እንጂ ስካነር አይደለም።

ስለ ቦታውም ልጨምር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ያደረገውን ያየ ሰው ምድር ቤት ውስጥ ሰነድ አያስቀምጥም። ከወንዙ የራቀ ክፍል፣ ከወለል ከፍ ያለና ከግድግዳ የተላቀቀ የብረት መደርደሪያ፣ ምስጡን የሚከታተል ሰው። ይህ ከስካነሩ ይቀድማል።

አባል፣ ከጅቡቲ

ረቂቁን ሳነብ ቅር ያለኝ አንድ ነገር አለ። ሐዲዱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ፕሮፖዛሉ ግን ከድሬዳዋ አይወጣም። አይሻ፣ አዲጋላ፣ አፍደም፣ ሚኤሶ የኖሩ ቤተሰቦችስ? በረሃው ውስጥ ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩት ሰዎች ልጆች ብዙዎቹ ሶማልኛ፣ አፋርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ቅጾቹ በእነዚህም ቋንቋዎች ይዘጋጁ። ጅቡቲ ያለነው ቤተሰቦች ዘንድ ያለውን እኛ መዝግበን እንልካለን፤ ወረቀቱ ከባለቤቱ ቤት መውጣት አያስፈልገውም።

አባል፣ ከዚራ (ካርቶኖቹ ያሉባት)

ጋሼ ስለ ወረቀቱ የተናገሩትን ተቀብያለሁ፤ ፕላስተሬንም ከዛሬ ጀምሮ ደብቄዋለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው።

እናቴ የአባቴን ፎቶዎች ለማኅበሩ ስትሰጥ «ውሰዱት» አላለችም። «ይቀመጥልኝ» ነው ያለችው። ሌሎቹም እናቶች እንደዚያው ናቸው። አሁን ፕሮፖዛሉ ላይ «የማኅበሩ ስብስብ» ብለን ስንጽፍ ያልተሰጠንን እየወሰድን ነው።

ደግሞ ባለፈው ሳምንት አንዱን ማኅደር ስገልጥ የቅጣት ደብዳቤ አገኘሁ። ሰውየው በሥራ ሰዓት ጠጥቶ መገኘቱን ይላል። ሌላው ውስጥ የሳንባ ሕመም ምርመራ ውጤት አለ። የሰውየው ልጅ ጎረቤቴ ናት፤ ቡና እንጠጣለን። ይህ በኢንተርኔት ዓለም ሁሉ እንዲያየው ሲወጣ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?

ገንዘብ ያዥ

አጭር ነው። በረቂቁ ለመክፈቻ ሥነ ሥርዓት፣ ለቲሸርትና ለመስተንግዶ የተያዘው ሙሉ በሙሉ ይውጣና ወደ ሣጥንና መደርደሪያ ይዙር። መዝጋቢዎቹ ግን ይከፈላቸው። በነጻ የሚሠራ ወጣት ሁለተኛ ወር ላይ አይገኝም፤ ዝርዝሩም ግማሽ ላይ ይቀራል።

አባል፣ ጡረታ የወጣሁ የመዛግብት ባለሙያ

እኅቴ ያነሣችው ነገር ከገንዘቡም ይበልጣል። ሕጉ አያስጨንቀን፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይፈቅዳል። የሚያስፈልገን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ «ሰጥቻለሁ»፣ «በአደራ አስቀምጫለሁ»፣ «ቅጂውን ብቻ ፈቅጃለሁ» የሚል ምርጫ ያለው የስምምነት ቅጽ ነው። ገንዘብ ሰጪዎቹም ይህን ይጠይቃሉ። ለምሳሌ የአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ በመመሪያው በግል ባለቤትነት ያሉ ስብስቦችን አይደግፍም ነበር። የሎስ አንጀለሱ ደግሞ ቅጂው ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ስለሚፈልግ የሕክምናና የቅጣት ወረቀቶች ከመጀመሪያው በዝርዝሩ ላይ ምልክት ተደርጎባቸው ከሚወጡት መለየት አለባቸው። አንድም ወረቀት አይቃጠል፤ ይታሸግ።

አባል፣ ከቶሮንቶ

ጋሼ፣ ስካነሩ ይቆይ፤ አሳምነውኛል። ሰዎቹ ግን አይቆዩም። አንድ ፎቶ ላይ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ሎኮሞቲቭ ፊት ቆመዋል፤ ስማቸውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ በሕይወት አለ፣ ዕድሜያቸውም ከዘጠና አልፏል። ምዝገባው ከአዛውንቶቹ ይጀምር፤ ሲናገሩም ድምፃቸው ይቀዳ። ለመቅረጫው እዚህ ያለነው ልጆች እናዋጣለን፤ የማንንም ውሳኔ አንጠብቅም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ድሬዳዋ

አመሰግናለሁ። ማጠቃለያውን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበራችንና ሙዚየሙ የምንጠይቀው የአንድ ዓመት የዝግጅት ድጋፍ ነው። በዓመቱ ውስጥ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በነበረው መስመር ላይ ያሉ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰቦች የያዟቸውን ሰነዶች፣ ፎቶግራፎችና ዕቃዎች እንመዘግባለን፤ በአምስት ቋንቋዎች በተዘጋጀ ቅጽ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ፈቃድ እንቀበላለን፤ በአደራ የተሰጡንን አጽድተን ሙዚየሙ በመደበው ከጎርፍ በራቀ ክፍል እናስቀምጣለን። ዋናው ሰነድ ከአገር አይወጣም። የግለሰብን ሕመምና ቅጣት የሚገልጹ ወረቀቶች ታሽገው ይቆያሉ። ዲጂታል ቅጂ የሚጠየቀው ዝርዝሩ ሲያልቅ በሁለተኛ ማመልከቻ ነው።»

ቃል የሚለወጥ ካለ እስከ ዐርብ አሳውቁኝ። የስምምነት ቅጹን ጋሼ ያረቃሉ፤ የሶማልኛውንና የአፋርኛውን ትርጉም የጅቡቲው ወንድማችን፣ የኦሮምኛውን የሚኤሶ ልጅ የሆነው ገንዘብ ያዣችን፣ የፈረንሳይኛውን እኔ እወስዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከመቅረጫው ጋር ወደ አዛውንቱ ቤት የምንሄደው ሦስት ነን። ያን ፎቶግራፍ ከካርቶኑ አውጥታችሁ በንጹሕ ፖስታ አዘጋጁልን፤ ከኋላው ምንም እንዳይጻፍበት።