የወረዳ ዝርዝሩ ይታያል፤ ሲላክ ግን «እሴቱ ትክክል አይደለም» ይላል

ጠያቂ (ደሴ)፦ እንዴት አመሻችሁ? ነገ ጠዋት ምዝገባ የሚጀመርበትን ቅጽ በጄኤስኤፍ (በጃቫ የድረ ገጽ መሥሪያ) እየሠራሁ ነው። ተመዝጋቢው ዞኑን ሲመርጥ የዞኑ ወረዳዎች ይመጡለታል፤ ደቡብ ወሎ ሲባል ተሁለደሬ፣ ቃሉ፣ ኩታበርና ሌሎቹም በትክክል ይዘረዘራሉ። «ላክ» ሲጫን ግን «እሴቱ ትክክል አይደለም» የሚል ስሕተት ይወጣል። እባካችሁ ድረሱልኝ።

ሐይቅ ዳር፦ ከመሠረቱ እንነሣ። ብራውዘር የጃቫ ኦብጀክት (ፕሮግራሙ በውስጡ የሚይዘውን የመረጃ ጥቅል) አያውቅም፤ ከዝርዝር የተመረጠ ነገር ሁሉ ወደ ሰርቨር የሚመለሰው ጽሑፍ ሆኖ ነው። ስለዚህ «ጌት አዝ ስትሪንግ» ኦብጀክቱን ወደ ጽሑፍ፣ «ጌት አዝ ኦብጀክት» ደግሞ ጽሑፉን መልሶ ወደ ኦብጀክት የሚለውጡበት ኮንቨርተር ያስፈልግሃል። ይህን ሳያውቁ ቅጽ መሥራት የጀመሩ ብዙዎች ናቸው።

የኮምቦልቻው፦ ኮንቨርተር ጻፍ።

ጠያቂ፦ ኮንቨርተሩንማ ጽፌዋለሁ። መለያ ቁጥሩን ይልካል፤ ሲመለስም በቁጥሩ ወረዳውን ከዳታቤዝ ያመጣል።

የኮምቦልቻው፦ እንግዲያው ኮንቨርተሩን እንደገና ጻፈው።

የወልድያ ሰው፦ እኔ ጥያቄውን ራሱን አልቀበለውም። ሙሉውን ኦብጀክት ማመላለስ ለምን አስፈለገ? ቅጹ ቁጥሩን ብቻ ይያዝ፤ ወረዳውን ስትመዘግብ ፈልገህ ታመጣዋለህ።

ጠያቂ፦ ለሌላ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ዛሬ ሌሊት ግን ቅጹን በሙሉ ማፍረስ አልችልም።

የቃሉ ተወላጅ፦ አብሽር ወንድሜ! ብራውዘሩ የሚያደርሰው ቃሉን ብቻ ስለሆነ ከወረዳዎቹ ሁሉ የእኛ ብቻ ሳይቸገር ማለፍ ነበረበት። ቀልዱ ይቆየንና፣ ኮንቨርተር ባይኖርህ የሚወጣው የመለወጥ ስሕተት እንጂ ይህ አይደለም። ጄኤስኤፍ ኮንቨርተሩ ያመጣውን ኦብጀክት ከዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ጋር አንድ በአንድ ያስተያያል፤ ወረዳ በሚለው ክላስህ ላይ «ኢኩዋልስ» እና «ሃሽ ኮድ» (የኦብጀክቶችን እኩልነት ለመለየት አብረው የሚጻፉት ሜተዶች) በመለያ ቁጥሩ ካልተጻፉ ግን ከዳታቤዝ የመጣው ቃሉና በዝርዝሩ ያለው ቃሉ እንደ ሁለት ባዕዶች ይተያያሉ። ሁለቱንም ከጻፍህ በኋላ ስሕተቱ ካልጠፋ ቢኑ (የቅጹን መረጃ የሚይዘው ክላስ) ሪኩዌስት ስኮፕ፣ ማለትም ለአንድ ጥያቄ ብቻ የሚቆይ፣ መሆን አለመሆኑን ተመልከት፤ ዝርዝሩ በተመረጠው ዞን የሚሞላ ስለሆነ ቅጹ ሲላክ ባዶ ሆኖ ይጠብቅህና ያው ስሕተት ይወጣል። ገጹ እስካልተለወጠ ድረስ የሚቆየውን ቪው ስኮፕ አድርገው።

ሐይቅ ዳር፦ እኔም ወደዚሁ ልመጣ ነበር።

የኮምቦልቻው፦ ጠያቂው፣ ከሁለቱ የትኛው ሆኖ ተገኘ? እኔም በዚህ ሳምንት ተመሳሳይ ቅጽ ማስረከብ አለብኝ።