ካዛንቺስ ያሰብሁት ክትፎ ቤት ፈርሷል፤ እንግዶቼን አሁን የት ልውሰድ?

ጠያቂው፦ ውድ አባላት፣ አስቸኳይ ጥቆማ እሻለሁ። ከሐዋሳ የመጡ የባለቤቴን ዘመዶች ይዤ ስድስት ሆነን ካዛንቺስ ቆመናል። ከዓመታት በፊት የማውቀው ክትፎ ቤት ከነመንደሩ ተነሥቶ ቦታው ታጥሯል። ጥሩ ክትፎ፣ ጥብስና ቀዝቃዛ ድራፍት በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝበት ቤት በቅርብ ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ። መኪና አልያዝንም።

የኡራኤል ልጅ፦ ወንድሜ፣ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አብዛኛው የካዛንቺስ ነባር መንደር ስለተነሣ የድሮ ቤቶችን በስማቸው መፈለግዎን ይተዉት። በኡራኤል በኩል ወደ ሃያ ሁለት ይሂዱ፤ ታክሲ ካጡም በእግር ይደረሳል። ከፊት ልኳንዳ፣ ከኋላ ምግብ ቤት የሆኑትን ቤቶች ይምረጡ።

እማማ ጓዳ፦ ልጄ፣ ሁሉም ቦታ ይጠቁማል እንጂ ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ያነሣ የለም። ከእንግዶችህ መካከል የሚጾም አለ ወይ? ካለ ደግሞ ክትፎ ቤት ወስደህ ሰላጣ ብቻ እያስበላህ ልታስመሽ ነው?

ጠያቂው፦ አዎን እማማ፣ ሁለቱ ይጾማሉ፤ አራታችን እንበላለን። ሁላችንም በአንድ ገበታ መቀመጥ እንፈልጋለን።

ፒያሳዊ፦ እንግዲያውስ ጣይቱ ሆቴል ይውሰዷቸው፤ የጾም ቡፌው የታወቀ ነው።

የኡራኤል ልጅ፦ ቡፌው የሚታወቀው በምሳ ሰዓት ነው፤ አሁን ደግሞ መሽቷል። ሃያ ሁለት ይሻላል ብያለሁ።

ወጥ ሠሪዋ፦ በምግብ ቤት ማእድ ቤት የምሠራ ስለሆንኩ ስለ ቤቱ ስም ሳይሆን ስለሚታዘዘው ነገር ልናገር። ለጾመኞቹ በየዓይነቱና ተጋቢኖ ሽሮ እዘዙ። ነገር ግን ሽሮው «የጾም» መሆኑን ሳትናገሩ እንዳታዝዙ፣ ምክንያቱም ሥጋ በሚሸጥባቸው ብዙ ቤቶች ሽሮ ላይ ቅቤ ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ቦዘና ሽሮ ደግሞ ከነጭራሹ ሥጋ አለበት። ጥብስ የተጠበሰበት ምጣድ ሳይታጠብ አትክልት እንዳይጠበስበትም አስተናጋጁን በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ተጋቢኖ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣል፤ በእንጀራ ሲጠቀስ ካልወፈረና ዘይቱ ዳር ዳሩን ካልወጣ በጥድፊያ የተሠራ ነው።

ለአራታችሁ ደግሞ ክትፎውን ሁለት ብቻ አድርጉትና የቀረውን በደረቅ ጥብስ ሙሉት። ስፔሻል ከተባለ አይብና ጎመን አብሮ ይቀርባል፤ ቆጮ መኖሩን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቅቤው የኮሰረትና የኮረሪማ ሽታ ከሌለው ለክትፎ ተብሎ የተነጠረ አይደለም፤ ለእኔ የአንድ ክትፎ ቤት ደረጃ የሚለካው በዚህ ነው።

ነርሷ፦ ለብለብ ማለት የበሰለ ማለት አይደለም። በጥሬ ወይም በለብለብ ሥጋ የኮሶ ትል ይተላለፋል፤ የሚጠፋው ሥጋው እስከ ውስጡ ሲበስል ነው። ለእንግዳ ክብር ሲባል ጥሬ ማቅረብ ግዴታ አይደለምና በደንብ የበሰለ ክትፎ ወይም ጥብስ ቢያዝዙ እመርጣለሁ።

ቁርጥ ወዳድ፦ እህቴ፣ ምክርሽን አከብራለሁ፤ ሆኖም ክትፎን አብስሎ መብላት ጥብስ ከመብላት በምን ይለያል? የበሰለ ሥጋ ከፈለጉ በቀጥታ ጥብስ ይዘዙ እንጂ ክትፎውን አያበላሹት። ደግሞስ በጾም ቀን ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ሥጋው ትኩስ መሆኑን ልኳንዳው ፊት ቆመው አይተው ይምረጡ፤ ለጥብስ ሽንጥ ወይም ታላቅ የሚባለው ብልት ጥሩ ነው።

ፒያሳዊ፦ ዱለትስ ለምን ተረሳ? ከድራፍት ጋር የሚስማማው እሱ ነው።

ወጥ ሠሪዋ፦ ዱለት የጠዋት ምግብ ነው። ጨጓራና ጉበት ስላለበት ሲውል ጣዕሙ ይለወጣል፤ በዚህ ሰዓት አልመክርም።

አቶ ሒሳብ፦ ለስድስት ሰው ሲከፈል ድንገተኛ ሂሳብ እንዳይመጣ ሦስት ነገር ይጠይቁ። በኪሎ የተገለጸው የሥጋ ዋጋ የመጥበሻውን ይጨምራል ወይስ ማብሰያ ለብቻው ይታሰባል? በሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል? የአገልግሎት ክፍያስ አለ? ክትፎ ርካሽ በሚባል ቤት እንኳ ከጥብስ ስለሚወደድ፣ ሥጋውን በኪሎ ገዝቶ ግማሹን ማስጠበስ ለቡድን ያዋጣል። ለአራት ሥጋ በል ሰው አንድ ኪሎ ከአንድ ክትፎ ጋር በቂ ነው ባይ ነኝ፤ በየዓይነቱውም ከእንጀራው ጋር ስለሚያጠግብ ለሁለት ጾመኞች አንድ በየዓይነቱና አንድ ሽሮ ይበቃል።

የኡራኤል ልጅ፦ አሁንም ሃያ ሁለት እላለሁ። ከመግባታችሁ በፊት ግን ቤተሰቦች ተቀምጠው የሚበሉበት ቤት መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ፤ ሙዚቃው የሚያደነቁር ቤት ከሆነ ከእንግዶችህ ጋር መጫወት አትችልም።

እማማ ጓዳ፦ ልጄ፣ ደርሳችሁ ከሆነ ለጾመኞቹ ቀድመህ እዘዝ። ተጋቢኖ ጊዜ ይወስዳል፤ ሥጋው ቀድሞ መጥቶ እነሱ ባዶ ገበታ እያዩ እንዳይቀመጡ።