«ፕሮቲየስ ላይ ከሠራ፣ ሠራ ነው» ላላችሁን

ባለብየዳ፦ ትላንት እዚሁ ግሩፕ ላይ «የመውጫ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ላብ (የላብራቶሪ ሥራ) ቢቀር ማን ይጎዳል? ፕሮቲየስ ላይ ከሠራ፣ ሠራ ነው» ተባለና ላይክ ዘነበለት። ፕሮቲየስ እኮ ሰርኪዩትን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ (ሲሙሌሽን) ሶፍትዌር ነው። እንግዲህ የ5 ዓመት የኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ትምህርት በስክሪንሹት ሊያልቅ ነው። 74ኤልኤስ00 የሚባለውን የሎጂክ ቺፕ ፕሮቲየስ ላይ ስታስቀምጡ 14ኛውና 7ኛው እግር አይታዩም፤ 5 ቮልቱና ግራውንዱ ከጀርባ ተገናኝተው ነው የሚጠብቋችሁ። እውነተኛው ቺፕ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ብሬድቦርድ ላይ ማን ያገናኝላችሁ?

ኤንድጌት፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። ላብ የምትለው የትኛውን ነው? ትሬነር ቦርዱ (የመለማመጃ ሰሌዳው) አንድ፣ ተማሪው ስድስት። አንዱ ይሰካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ የቀሩት ስልክ ላይ ናቸው። ሪፖርቱ ካለፈው ባች የተገለበጠ። ሲሙሌሽን ላይ ቢያንስ ሁሉም በየላፕቶፑ ካውንተሩን (ቆጣሪ ሰርኪዩቱን) ሠርቶ ያፈርሳል።

ሬጂስተር፦ እስቲ «ሠራ» ያልከውን እንየው። 8051 ማይክሮኮንትሮለር በ9600 ቦድ (በሰከንድ 9600 ቢት) ዳታ እንዲልክ ታይመር 1 ላይ 253 ትጭናለህ። የክሪስታሉ (የቺፑን ፍጥነት የሚወስነው) 11.0592 ሜጋኸርዝ ለ12፣ ለ32፣ ከዚያ ለ3 (256 ሲቀነስ 253) ሲካፈል ልክ 9600 ይመጣል። ፕሮቲየስ ፍጥነቱን የሚያነበው ቺፑ ፕሮፐርቲ ላይ ከጻፍከው ቁጥር ነው፤ የሳልከውን ክሪስታል ዞር ብሎም አያየውም። ቦርዱ ላይ 12 ሜጋኸርዝ ከተሰካ 10417 ገደማ ይሆናል፣ ከ8 በመቶ በላይ ስህተት። ተርሚናሉ ላይ የሚወጣው የማይነበብ ምልክት ብቻ ነው። ሠራ?

ኤንድጌት፦ ዳታሺት (የቺፑን መግለጫ) ያላነበበ ሰው ጥፋት ነዋ! ላብ ውስጥም ያንኑ 12 ይሰካል።

ሬጂስተር፦ ይሰካል፣ ግን እምቢ ይለዋል። አንተ ጋ እምቢ የሚለው የለም።

የአዳማዋ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክቶቹንም እዩአቸው። ግማሹ «ስማርት» ምናምን በጂኤስኤም (በሞባይል ኔትወርክ) ነው። ሲም800ኤል የሚባለው የጂኤስኤም ሞጁል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፣ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ከአርዱይኖ ቦርድ 5 ቮልት ፒን ላይ ይቀጥሉትና ሲጠፋ ሲነሳ «ኔትወርክ የለም» ይላሉ። ለብቻው ወደ 4 ቮልት የሚሰጥ ጠንካራ ፓወር፣ እግሩ ሥር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ግራውንዱን ከአርዱይኖው ጋር አንድ ማድረግ፤ አለቀ። ሲሙሌሽኑ ላይ ፓወር መቼም አይወርድም።

ዶትኔት፦ ሰዎች፣ ቀጣሪ ካፓሲተር አይጠይቅም። ጃቫስክሪፕት ነው የሚጠይቀው።

ባለብየዳ፦ ታዲያ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አትገባም ነበር?

ዶትኔት፦ ምደባ የሚባል ነገር አልሰማህም መሰለኝ፣ ጋሼ።

የአምስት ኪሎው፦ እኛ ጋ ምደባም ላብም አለ፣ አታጠቃልሉ።

የአዳማዋ፦ ይኸው መጣ ደግሞ! ኦሲሎስኮፑ ፕላስቲኩ ተነሥቶለታል ወይስ ገና ነው?

የአምስት ኪሎው፦ እናንተ ጋ ካለው ይሻላል 😏

ባለብየዳ፦ ወደ ጉዳዩ። ከ2015 ጀምሮ በመውጫ ፈተናው 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ዲፓርትመንቱ ሰዓቱን ለምርጫ ጥያቄ ልምምድ ቢያደርገው አይገርምም። ግን ምርጫም ቢሆን ብልሽት ፍለጋ ሊጠይቅ ይችላል። የሚጫነው ቁልፍ ፑልአፕ ሬዚስተር (ኢንፑቱን ወደ 5 ቮልት የሚስብ) ባይኖረው፣ ሳይጫን ኢንፑቱ ምን ያነባል?

ዶትኔት፦ 1።

ሬጂስተር፦ ቺፑ 74ኤልኤስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 1 ይመስላል። 74ኤችሲ (ሌላው የቺፕ ዓይነት) ከሆነ ግን ጣትህን ስታስጠጋ ይለዋወጣል። 10 ኪሎኦም ወደ 5 ቮልት ትሰካለህ፣ ከዚያ ታወራለህ።

ኤንድጌት፦ ፕሮቲየስ ላይ ደግሞ የዚያ እግር ምልክት ግራጫ ይሆናል፤ ቀይም (1) ሰማያዊም (0) አይደለም። ማለትም ሲሙሌተሩ ነግሯችኋል። ከእሱ በላይ ምን ያድርግ?

ሬጂስተር፦ ግራጫውን አይተው «ፕሌይ» ተጭነው የሚያልፉት እነማን ሆኑና?

ኤንድጌት፦ ላብ ውስጥ ስልክ ላይ ያሉት አራቱ ናቸዋ።

ባለብየዳ፦ አሁንስ አንተ ራስህ ለእኔ ተከራከርክልኝ።

ኤንድጌት፦ በየት በኩል? የተማሪውን ቁጥር ቀንሱ ነው የምለው፣ ለአንድ ቦርድ ሁለት ተማሪ። ቦርዱ ከየት ይምጣ የሚለውን አንተ መልስልኝ።