ክርክር፦ ክፍል ሳይገባ የተመረቀ መምህር

የመነሻ ጥያቄ፦ መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የዕጩ መምህራን ፕራክቲከምም (በትምህርት ቤት የሚደረገው የማስተማር ልምምድ) አብሮ ተቋረጠ። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የልምምዱ ማርክ በጽሑፍ ሥራ ይተካ ወይስ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ይቆይ?

አሰልጣኝ፣ ጅማ፦ ይቆይ። የትምህርት ዕቅድ ጓደኛም ሊጽፍልህ ይችላል። ኋላ የተቀመጠችው ልጅ እንዳልገባት ከፊቷ ማንበብን ግን ማንም አይጽፍልህም። ደግሞ አስቡት፤ ያን ዓመት ከ8ኛና ከ12ኛ በቀር ልጆቹ ሳይፈተኑ ነው ወደ ቀጣዩ ክፍል ያለፉት። ወራት ያመለጣቸውን ልጆች የሚረከበው መምህር እሱም ሲያስተምር ያልታየ ከሆነ ሸክሙ በማን ላይ ነው?

ተመራቂ፣ ሰቃ፦ መምህር፣ ያሉት ልክ ነው፤ «ይቆይ» ሲባል ግን የሚቆየው የኔ ደመወዝ ነው። ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ለጎረቤታችን ሁለት ልጆች በረንዳ ላይ፣ ርቀታችንን ጠብቀን፣ ክፍልፋይ በአፋን ኦሮሞ አስተምሬያለሁ። ትንሹ ከግማሽ እንጀራ ሩብ እንጀራ ይበልጣል አለኝ፣ 4 ከ2 ስለሚበልጥ። እንጀራ አስመጥቼ አስቆረስኩት። ያን ቀን ያየኝ ሰው ቢኖር ማርክ አይሰጠኝም ነበር?

ሌላ ተሳታፊ፦ ልምምዱ በኢንተርኔት ቀጥታ ይታይ።

ተመራቂ፣ ሰቃ፦ የትኛው ኢንተርኔት፣ ወንድሜ? ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሳምንታት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር። በስልክ ድምፅ መቅዳት ግን ኔትወርክ አይፈልግም። ቅጂው ሲመች ለአሰልጣኙ ይድረስ፤ እሱም ደውሎ «ልጁ ሲሳሳት ለምን እንዲህ አልክ?» ብሎ ይጠይቀኝ።

አሰልጣኝ፣ ጅማ፦ የእንጀራው ነገር ገብቶኛል፣ ልጄ። የልጁን ስህተት አዳምጠህ መነሻውን አግኝተሃል፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ድምፁንና የቃል ጥያቄውን እቀበላለሁ። ሁለት ልጅ ማስተማርና ስድሳ ልጅ መያዝ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ማርኩ ጊዜያዊ ይሁን፤ ተቀጥረህ በመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍልህ ውስጥ እንይህና ይጽደቅ።

መካሪ መምህርት፣ አጋሮ፦ ማን መጥቶ ነው የሚያየው? በደህናው ጊዜ እንኳ እኔ ዘንድ ለልምምድ የተመደበችን ዕጩ መምህርት ለማየት የመጣው የኮሌጁ ሱፐርቫይዘር ግማሽ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ ፈርሞ ሄዷል። አብሬያት የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ማርኩ ላይ ግን አልተጠየቅኩም። ጊዜያዊው ማርክ በዚያ መንገድ ከሄደ ጊዜያዊ እንደሆነ ይቀራል። እዚያው ትምህርት ቤት ያለ መካሪ ይመዝን፤ ኮሌጁ ቅጹን ሰጥቶ ያሰልጥነን። እኔ ዝግጁ ነኝ።

አሰልጣኝ፣ ጅማ፦ መምህርት፣ በዚህ እስማማለሁ። የፊርማው ሥልጣን ግን ለእናንተ በጽሑፍ ይሰጥ፤ አለዚያ ጊዜው ሲደርስ ማርኩን ማንም አይቀበለውም።